ዕድሜ ሲገፋ ከንባብ የሚያርቁን ስህተቶች

አንድ ገጽ ላይ ደጋግመው ይመለሳሉ? ከሁለት ምዕራፍ በፊት የተጠቀሰው ሰውዬ ማን እንደነበር ይጠፋብዎታል? «በቃ፣ ጭንቅላቴ ደክሟል» ብለው መጽሐፉን ከመዝጋትዎ በፊት እነዚህን ይዩልኝ።

ትልቁ ስህተት የዓይንን ችግር በአእምሮ ማሳበብ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየደረቀ (እንደ ልብ መለጠጥና መተጣጠፍ እያቃተው) ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል። ስልክዎን እያራቁ ማንበብ ከጀመሩ ነገሩ እሱ ነው። ብርሃንም ያንሳል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ላይ የሚደርሰው ብርሃን፣ የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። በእኛ ፊደል ደግሞ ይብሳል፤ «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው ያቺ ትንሽ ጭረት መሃል ወይም ታች መሆኗ ብቻ ነው። አእምሮ ፊደል ለመለየት ሲታገል ሐሳቡን ለመያዝ አቅም ያጣል። ስለዚህ መጀመሪያ መብራቱን ያጠንክሩ፣ ገጹ ላይ እንጂ ዓይንዎ ላይ እንዳያርፍ አድርገው። ስልክ ላይ ከሆነ ፊደሉን ያተልቁ፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም!

«መነጽር ዓይን ያሰንፋል» ብሎ መሸሽም አለ። አያሰንፍም። ሌንሱ መነጽር ቢያደርጉም ባያደርጉም መድረቁ አይቀርም። የሰው መነጽር መዋስ ወይም በግምት መግዛትም አያዋጣም፤ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የሁለቱም ዓይን ቁጥሩ እኩል ነው፣ የእርስዎ ዓይኖች ግን ላይሆኑ ይችላሉ። ምርመራው ሌላም ጥቅም አለው። ግላኮማ አብዛኛውን ጊዜ ሳያምም ቀስ እያለ ዕይታን የሚሰርቅ በሽታ ስለሆነ ቀድሞ የሚገኘው በምርመራ ነው።

ዝግታን እንዳለመረዳት መቁጠር ሌላው ነው፣ እኔን በጣም የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ፍጥነት ይቀንሳል፣ በአንድ ጊዜ በአእምሮ የምንይዘው ነገርም ያንሳል፤ ለዚህ ነው ግሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ፣ በመሃሉ ሌላ ሐሳብ የተሰካበት ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ጋ ስንደርስ መነሻው የሚጠፋብን። የቃላት እውቀት ግን እስከ 60ዎቹና ከዚያም በኋላ ይቆያል፣ እንዲያውም ይጨምራል። የታሪኩን ዋና ሐሳብ በመያዝ ጤነኛ አረጋውያን ከወጣቶች ብዙም አያንሱም። የሚያመልጣቸው ዝርዝሩ ነው፦ ስም፣ ቁጥር፣ ቀን። እሱን ወረቀት ላይ ማስፈር ይቻላል። ተመልሶ ማንበብም ጥሩ አንባቢ ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ቴሌቪዥን ከፍቶ ማንበብ ይቅር። የማይፈለገውን ድምፅ ችላ የማለት አቅም ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል።

ልጆችም ትሳሳታላችሁ። እናታችሁ ደብዳቤ ስታነብ ዘገየች ብላችሁ ከእጇ ነጥቃችሁ አታንብቡላት። በእርጋታ ብትጨርሰው ይገባታል፣ እናንተ ስትቀሟት ግን ሁለተኛ ማንበብ ትተዋለች። የልጆች መጽሐፍ አምጥቶ መስጠትማ ንቀት ነው። የለመደችውን ዓይነት መጽሐፍ በትልልቅ ፊደል ፈልጉላት።

በመጨረሻም፣ ሁሉንም «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው። ትናንት ያነብ የነበረ ሰው ዛሬ ድንገት ጽሑፍ አልገባው ካለ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ። ቀጥ ያለው መስመር ከተወላገደ ወይም ከቃሉ መሃል ፊደል ከጠፋ ሳይውል ሳያድር ዓይን ሐኪም ጋ። ቀስ በቀስ የመጣ መደብዘዝ የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ድብርት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአለርጂ መድኃኒቶችም ሐሳብ ይበትናሉ። ሐኪም ጋ ሲሄዱ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘው ይሂዱና ያሳዩ፤ በራስዎ ግን አንዱንም አያቋርጡ።