ልጅ ጉንፋን ከለቀቀው በኋላ ወላጆች የምንሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉንፋን ያዛትና በሦስት ቀን ተሻላት። በሳምንቱ ግን ሆዴን አመመኝ አለች፣ አስመለሳት። የሄዱበት ክሊኒክ ጃርዲያ ነው ብሎ ሽሮፕ ሰጣት። ማታ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ እህቴ እጇን ደረቷ ላይ ብታሳርፍ ልቧ ድው ድው ይላል። ትኩሳት ደግሞ የላትም። በማግስቱ ሌላ ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ ለካ ቫይረሱ የልብ ጡንቻዋን አስቆጥቶት ኖሯል። ሐኪሞቹ ማዮካርዳይተስ ይሉታል። አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። እኔ ግን ያን ሰሞን ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ቀላል ጉንፋን ነበር እኮ» ማለት። የጉንፋኑ ቅለት ስለ ልብ ምንም አይነግራችሁም። ኮክሳኪ፣ አዴኖ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮሮና የሚባሉት ቫይረሶች ሁሉም አልፎ አልፎ ልብ ላይ ይወጣሉ። በ2020 በአውሮፓና በአሜሪካ ኮሮና በቀላሉ ያለፋቸው፣ እንዲያውም መያዛቸው ያልታወቀ ልጆች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይተው በከባድ ትኩሳት፣ በሆድ ሕመምና በተዳከመ ልብ ሆስፒታል ገብተዋል።

ሆድ ካመመ ጨጓራ ወይም አሜባ ነው ብሎ መደምደም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልብ ሲደክም ደም ወደ ኋላ ይጠራቀማል፣ ጉበት ያብጣል፣ ልጁም «ሆዴን» ይላል። ተቅማጥ ሳይኖረው የሚያስመልሰው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስና የገረጣ ልጅ ካያችሁ ሆዱን ብቻ አታስመርምሩ። ሕፃን ከሆነ ሲጠባ ግንባሩ ላብ በላብ ይሆናል፣ ጡቱን ለቆ ያለከልካል፣ መልሶ ይይዛል። ከፍ ያለው ደግሞ ትናንት ሮጦ የወጣውን ደረጃ ዛሬ «እዘሉኝ» ይላል። ልብ የተጠረጠረ እንደሆነ ግሉኮስ እንኳ በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው፣ የደከመ ልብ ብዙ ፈሳሽ በአንዴ አይችልም።

የልብ ምቱን በትኩሳት ማሳበብ። ትኩሳት በአንድ ዲግሪ በደቂቃ 10 ምት ገደማ ይጨምራል፣ ልክ ነው። ትኩሳቱ ወርዶ፣ ልጁ ተኝቶ፣ ልቡ አሁንም የሚሮጥ ከሆነ ግን ሌላ ነገር አለ። ስልካችሁ ላይ ሙሉ 60 ሰከንድ ያዙና ቁጠሩ። የስድስት ዓመት ልጅ ነቅቶ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ከ75 እስከ 118 ነው፣ ሲተኛ ከዚያ ይወርዳል። ትንፋሹንም ቁጠሩ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው።

ፋርማሲ ሄዶ አሞክሳሲሊን መግዛት። ቫይረስን አይነካም። ግራ የሚያጋባው ቶንሲል ነው፤ በባክቴሪያ የመጣ ቶንሲል ካልታከመ ሳምንታት ቆይቶ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል፣ እዚያ ላይ ሐኪም ያዘዘው ፔኒሲሊን ልብን ያድናል። ሁለቱን የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። አስፕሪን ግን ጉንፋን ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም እንዳትሰጡ፣ ጉበትና አንጎል የሚጎዳ ከባድ ነገር ሊያመጣ ይችላል።

ተሻለው ብሎ ኳስ ሜዳ መልቀቅ። ማዮካርዳይተስ የነበረው ልጅ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ከውድድርና ከከባድ ሩጫ ይታቀባል፣ የሚመለሰውም ዳግም ተመርምሮ ነው። ለተራ ጉንፋን ትኩሳቱ እስኪጠፋና ጉልበቱ እስኪመለስ መጠበቅ ይበቃል። ሲሮጥ ራሱን የሳተ ልጅ ግን ለነገ አይባልም፣ ያኑ ሰዓት ሐኪም ቤት።

በየጉንፋኑ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳልኝ ማለትም ስህተት ነው። ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ የአብዛኛው ልጅ የደረት ሕመምም ከልብ አይደለም።

የመጨረሻው፣ ያለፈውን ጉንፋን ለሐኪሙ አለመንገር። የመጀመሪያው ክሊኒክ አልጠየቀም፣ እህቴም አልተናገረችም። በማግስቱ ግን «ከ10 ቀን በፊት ጉንፋን ነበራት፣ ማታ ደግሞ ተኝታ ልቧ 140 መታ» አለች። ሐኪሙ ይሄኔ ብዕሩን አስቀምጦ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ አዘዘ።