የድሮ የእንጨት መላጊያ ሆዱ ሲጣመም
የድሮ የእንጨት መላጊያ እየዘለለ ካስቸገራችሁ ስለቱን ደጋግሞ መሳል ትርፉ ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜ የተጣመመው ሆዱ፣ ማለትም የሚላገውን እንጨት የሚነካው የታች ገጹ ነው። ስለቱን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሳቡት፤ ስለቱን የሚይዘውን ሽብልቅ ግን ለሥራ እንደምታጠብቁት አጥብቁ። ሆዱን በእርሳስ አግድም አስምራችሁ፣ ወፍራም መስታወት ላይ በተለጠፈ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈትጉ። ጫፉ፣ ኋላውና ከአፉ (ስለቱ ከሚወጣበት ቀዳዳ) ፊት ያለው መስመር ከጠፋ ይበቃል፤ ሌላው ቢጎደጉድም ግድ የለም። ሽብልቅ ሲጠብቅ ገላውን ይገፋዋል፤ ሽብልቁ ላልቶ ሳለ የተስተካከለ ሆድ ሽብልቁ ሲጠብቅ መልሶ ይጎብጣል።

አፉ ቀድሞውኑ የሰፋ ከሆነ ተዉት፤ በተፈተገ ቁጥር ይብስበታል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ደብረ ብርሃን የወጣ መላጊያም ከመፈተጉ በፊት ሁለት ሳምንት አየሩን ይልመድ፤ እንጨቱ ገና ይንቀሳቀሳል።