ሠረገላው ላይ ወጥቶ መቀመጥ፦ መጽሐፍ ቅዱስን ከፍቶ እምነትን እንዴት ማካፈል ይቻላል?

ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምሳ እየበላን ሳለ «ግን ስትጸልይ የሚሰማህ አለ ብለህ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አጭር ነበር፤ መልሴ ግን ሽሮውን አቀዘቀዘው። ከሮሜ ወደ ዮሐንስ፣ ከዮሐንስ ወደ ኢሳይያስ፣ ከዚያም ተመልሼ ወደ ሮሜ ገጽ እያገላበጥሁ ከአሥር የማያንሱ ጥቅሶች አነበብሁለት። ጨዋ ሰው ስለ ነበር እስከ መጨረሻው ታገሠኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስለ ጸሎት አንሥቶብኝ አያውቅም። እርሱ የጠየቀኝ ስለ እኔ ነበር፤ እኔ ያሳየሁት ጥቅስ ማውጣት መቻሌን ነው።

ስሕተቴ የገባኝ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ቀስ ብዬ ሳነብ ነው። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወርደው መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። እኛ ኢትዮጵያውያን በጃንደረባው ስንኮራ ወንጌልን የነገረውን ፊልጶስን እንረሳዋለን። ፊልጶስ ያደረገውን ግን በቅደም ተከተል ይቁጠሩት፤ ሮጠ፣ ሰማ፣ ጠየቀ፣ ሲለመን ወጣ፣ ተቀመጠ። አፉን የከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ሰውየው እያነበበ ከነበረበት ስፍራ፣ ከኢሳይያስ 53 ጀምሮ። አብዛኞቻችን ግን የምንጀምረው አፍ ከመክፈቱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራር የፊልጶስን ቅደም ተከተል የተከተለ ሲሆን፣ የሚያገለግለውም ከአንድ ሰው ጋር ለመቀመጥ ነው። ለድምፅ ማጉያ አይሆንም።

መጀመሪያ ራስዎ አንብበው ይጨርሱ

አብራችሁ የምታነቡትን አንድ መጽሐፍ ይምረጡ። የእኔ ምርጫ የማርቆስ ወንጌል ነው። ከአራቱ ወንጌሎች አጭሩ ነው፤ 16 ምዕራፎች ብቻ አሉት። ብዙ ሰዎች ዮሐንስን ይመርጣሉ፤ አልቃወምም። ነገር ግን «በመጀመሪያው ቃል ነበረ» የሚለው አጀማመር ገና በሩ ላይ ለቆመ ሰው ጥልቅ ነው። ማርቆስ ብዙ ሳይናገር ወደ ድርጊቱ ይገባል፤ «ወዲያውም» እያለ ከአንዱ ታሪክ ወደ ሌላው ይቸኩላል። ኀዘን ለደረሰበት ሰው ግን ዮሐንስ 11 የአልዓዛር ሞት፣ ከቤተሰቡ ለተጣላ ደግሞ ሉቃስ 15 የጠፋው ልጅ ታሪክ ይሻላል።

የመረጡትን ወንጌል ለሌላ ሰው ከመክፈትዎ በፊት በአንድ ጊዜ ተቀምጠው ከዳር እስከ ዳር ያንብቡት። ብዙ አማኞች ይህን አድርገው አያውቁም፤ ቁጥር እየለቀሙ ማንበብ ለምደናል። ምዕራፎቹ የተከፋፈሉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮችም አሁን በምናውቃቸው መልክ የገቡት በ1551 እ.ኤ.አ. ነው። ማርቆስ የጻፈው አንድ ወጥ ታሪክ ነበር። ሲያነቡ ያልገባዎት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ፤ እርስዎን ያስቸገረ ቦታ እንግዳዎንም ያስቸግራል። ለምሳሌ ከ16፥9 እስከ 20 ያለው ክፍል በጥንታዊዎቹ አንዳንድ የግሪክ የእጅ ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ በአዳዲስ ትርጉሞችም ማስታወሻ ይደረግበታል። ሰውየው ማስታወሻውን አይቶ ሲጠይቅዎ ከሚደነግጡ አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ትርጉሙ

በብዙ ቤት ያለው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ነው። እኔ ለዜማው ስል እወደዋለሁ፤ ከልጅነቱ ያልሰማው ሰው ግን «ይቀመጥ ዘንድ ለመነው» ላይ ሲደርስ ሊደናቀፍ ይችላል። ለእንዲህ ያለው አንባቢ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ይቀልለዋል። ዋናው ነገር ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ትርጉም መያዛችሁ ነው፤ አለበለዚያ ግማሹ ሰዓት «የእኔ እንዲህ ይላል» በሚል ያልቃል። የሰውየው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ወላይትኛ ከሆነ በራሱ ቋንቋ የታተመውን ይፈልጉለት። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ዓመታት ደክመው በ1899 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ለኅትመት ያበቁት፣ ሰው ልቡን የሚነካውን ነገር በእናቱ ቋንቋ መስማት እንዳለበት ስለ ገባቸው ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ደግሞ በድምፅ የተቀረጸ አለ፤ እርስዎ ጮክ ብለው ቢያነቡለትም ይሆናል።

ይስሙ፤ ፈቃድም ይጠይቁ

ጥያቄ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄውን ደብቆ ነው የሚመጣው። «እናቴ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው ስለ እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚናገረው። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲደርስ ይህን ለመስማት የሚበቃ ጊዜ አለ፤ በዚያ ሰዓት ጥቅስ አይምዘዙ። ሰምተው ሲጨርሱ ግብዣውን ግልጽና ትንሽ ያድርጉት፤ «አንድ የማነበው ታሪክ አለ፤ ቅዳሜ አብረን ብናነበው ምን ይመስልሃል? ካልተመቸህ ቡናችንን ጠጥተን እንለያያለን።» ጊዜውንም ይወስኑ። አራት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ይበቃል። መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቅ ግብዣ ሰውን ያስፈራል።

አብሮ ማንበብ

የማርቆስ 2፥1-12ን እንውሰድ፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምጀምረው እዚህ ነው። አራት ሰዎች ሽባ ተሸክመው ኢየሱስ ወዳለበት ቤት ይመጣሉ። በሕዝቡ ብዛት መግባት ስላቃታቸው ጣራውን ነድለው አልጋውን ያወርዱታል። ቆርቆሮ ለለመደ ሰው የዚያ ዘመን ጣራ ጠፍጣፋ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱት፤ ከዚያ ዝም ይበሉ።

እርሱ ያንብብ ወይም ተራ በተራ አንብቡ። ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ ታሪኩን በራሱ አባባል እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ይህ የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰው ሲተርክ ምን እንደ ገረመውና ምን እንደ ዘለለ ያያሉ። ቀጥለው «ያልጠበቅኸው ነገር ምን ነበር?» ይበሉ። አንዲት ጎረቤታችን እዚህ ላይ «ታዲያ ጣራውን ማን ጠገነው?» ብላ አሳቀችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ እርስዋ ግን አንድን ሰው ለመርዳት የሌላውን ቤት ማፍረስ ተገቢ ነው ወይ እያለች ነበር። ግማሽ ሰዓት በዚያ ላይ ተጨዋወትን። እኔ ያዘጋጀሁት ነጥብ ሳይነሣ ቀረ፤ አልቆጨኝም።

ሦስተኛው ጥያቄ «ኢየሱስ እዚህ ጋ ስለ ራሱ ምን እያለ ነው?» የሚል ነው። ሰውየው የመጣው ለእግሩ ነው፤ መጀመሪያ የሰማው ግን «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» የሚል ነው። ጻፎቹም (የሕግ መምህራኑ) ከአንዱ ከእግዚአብሔር በቀር ኃጢአት የሚያስተሰርይ ማን ነው ብለው በልባቸው ያስባሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ስለዚህ ወዲያው ለመመለስ አይቸኩሉ። እንግዳዎ ከጻፎቹ ጋር ትንሽ ይቀመጥ። ጸጥታው ሲከብድዎ በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ። አንድ ንባብን «አንድም» እያሉ ደጋግሞ ማገላበጥ በአገራችን የጉባኤ ቤት መምህራን ዘንድ የኖረ ነገር ነው፤ መቸኮሉን የተማርነው ኋላ ነው።

መልሱን የማያውቁት ጥያቄ ሲመጣ «አላውቅም፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ እጠይቃለሁ» ይበሉና በእርግጥም ጠይቀው ይምጡ። የራስዎን ታሪክ የሚናገሩበት ጊዜም ይመጣል። ያን ጊዜ ያጥሩ። በዮሐንስ 9 ዓይኑ የበራለት ሰው «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» ብሎ በአጭሩ መለሰ። ሦስት ደቂቃ ከሞላዎ በዛ።

ከማን ጋር ነው የሚያነቡት?

እንግዳዎ ኦርቶዶክሳዊ ከሆነ ምንም እንደማያውቅ አድርገው አይጀምሩ፤ ጾሙንም በዓሉንም ታሪኩንም ያውቃል። የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ቁጥር 81 ነው ወይስ 66 ወደሚለው ክርክር አይግቡ፤ አራቱ ወንጌሎች በሁለቱም ቁጥር ውስጥ አሉ። ፕሮቴስታንት ከሆነና ጥቅሱን ሁሉ በቃሉ ካወቀ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ የሚያውቀውን እንደ አዲስ እንዲያነበው ማድረግ ይከብዳል። ሙስሊም ወዳጅዎ ራሱ ጠይቆ ከተቀመጠ መጽሐፉን መሬት ላይ አያስቀምጡ፤ የተሰመረበትና የተጻፈበትንም ቅጂ አይስጡት፤ ለብዙዎች ይህ ቅዱስ መጽሐፍን መድፈር ነው። የእርሱን መጽሐፍ ነቅፈው የእርስዎን ለማስወደድ አይሞክሩ።

የማይታለፍ መስመር

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 እምነትን የመግለጽና የማስተማር መብት ይሰጣል፤ እዚያው ላይ ማስገደድን ይከለክላል። ማስገደድ ሁልጊዜ ዱላ አይይዝም። ደመወዝ የሚከፍሏት የቤት ሠራተኛ «አላነብም» ለማለት ነፃነት የላትም። ዱቄት ይዘው የሄዱበት ቤትም እንዲሁ። የሌላ ሰው ልጅን ወላጆቹ ሳያውቁ አያስተምሩ። በእስራኤል ለምትኖሩ፣ ሃይማኖት እንዲለወጥ ገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም መስጠት በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ያስቀጣል። በሳዑዲ አረቢያና በአንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሙስሊምን ወደ ሌላ ሃይማኖት ለመሳብ መሞከር ራሱ ወንጀል ነው፤ አደጋውም የሚደርሰው በተናጋሪው ላይ ብቻ አይደለም፤ ለሰሚውም ይተርፋል። ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ 3፥15 መልስ እንድንሰጥ ያዘዘን ለሚጠይቁን ነው፤ ያውም «በየዋህነትና በፍርሃት»።

አራቱ ቅዳሜ ሲያልቅ

በመጨረሻው ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «እንቀጥል ወይስ ይብቃን?» ጃንደረባው «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ያለው ራሱ ነው፤ ፊልጶስ አልገፋውም። እንግዳዎም ከዚህ ከደረሰ ብቻዎን አይያዙት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰዱት፤ ከሚያስተምሩት አባት ወይም መጋቢ ጋር ያስተዋውቁት፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም አጠገቡ ይቀመጡ፤ በማያውቁት ሰው መካከል ብቻ መቆም ያሳቅቃል።

«ይብቃኝ» ካለ ደግሞ ፊትዎ አይጥቆር። መጽሐፉን ከፈለገ ይተዉለት፤ ካልፈለገ ይዘው ይመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ወትሮው ቡና ይጥሩት፤ ነገሩን እርሱ እስኪያነሣው ድረስ አያንሡበት።