መዥገር ሲጣበቅብን እንዴት እንንቀለው?

ቡሬ አካባቢ ከብት እየጠበቀ ያደገ ሰው መዥገር ብዙም አያስደነግጠውም። እኛ ከላሟ ጡት ሥር እየነቀልን በድንጋይ እንጨፈልቀው ነበር። እግራችን ላይ ሲጣበቅ ደግሞ ላምባ ወይም ቅቤ ይቀባል፤ ደፋር የሆነ ክብሪት ያስጠጋበታል። አሁን ሳስበው ሁሉም ስህተት ነበር።

ነገሩ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። መዥገር ከደም ሌላ ምግብ የለውም፤ ደም ውስጥ ደግሞ ቫይታሚን ቢ ትንሽ ነው። ስለዚህ ቫይታሚኑን የሚሠሩለት ባክቴሪያዎች ሰውነቱ ውስጥ ይኖራሉ። እናቲቱ በእንቁላሏ ለልጆቿ ታወርሳቸዋለች። የሚያሳስቡን ሌሎቹ፣ በሽታ የሚያመጡብን ባክቴሪያዎች ናቸው። ከብት ላይ የምናየው፣ እግሩ ዥንጉርጉር የሆነው ትልቁ መዥገር ሪኬትሲያ አፍሪኬ የተባለ ባክቴሪያ ሊሸከም ይችላል። ሲነክሰን በምራቁ ያስገባብናል። በእሳት ወይም በላምባ ስናስጨንቀው ደግሞ የሆዱን ፈሳሽ ቁስሉ ውስጥ ሊተፋው ይችላል።

እሾህ የምታወጡበትን ወረንጦ አምጡ፤ ጫፉ ቀጭን ይሁን። ከሌለ ጣታችሁን በፌስታል ሸፍኑ። ያበጠ ሆዱን አትንኩ። ቆዳው ላይ የተተከለበትን ቦታ፣ አፉ ጋ ጠጋ ብላችሁ ያዙ። ከዚያ ሳትነጥቁ፣ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ። ይህ መዥገር አፉ ረጅም ስለሆነ ቶሎ አይለቅም፤ ታገሡት። አፉ ተሰብሮ ቢቀር በመርፌ አትቆፍሩ፣ ቆዳው ራሱ ይገፋዋል። ቁስሉንም እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። በጥፍር መጨፍለቅ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ ግን ይቅርባችሁ።

ቀኑን ጻፉት። ለሁለት ሳምንት ያህል ሰውነታችሁን ተከታተሉ። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ንፍፊት፣ የተነከሰው ቦታ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። እኛ ጋ ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው፣ ቀጥሎ ታይፎይድ። ስለዚህ ሳትጠየቁ «መዥገር ነክሶኛል» በሉ፤ ቅርፊቱንም አሳዩ። ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚያዘው ዶክሲሳይክሊን ነው። ከቤት የተረፈች አሞክሲሲሊን አትዋጡ፤ ሪኬትሲያ ሴሎቻችን ውስጥ ገብቶ ስለሚኖር እሷ ምንም አታደርገውም።

ማታ ከብት አስገብታችሁ ስትጨርሱ ብብት፣ ብሽሽትና ከጉልበት ኋላ ዳሰስ አድርጉ። ልጆችን ደግሞ ከጆሯቸው ጀርባና ፀጉራቸው ውስጥ ፈልጉባቸው።