ወርክሾፕ ተመድባችሁ ስትመጡ ይህን ያዙ

አዲስ አበባ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ ወርክሾፕ አለኝ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለትብብር ሥልጠና የሚላኩ ልጆች እቀበላለሁ። በከተማ ሴፍቲኔትና ሥራ ፕሮጀክት ለ6 ወር የሚመደቡም አሉ። ብዙዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚገቡት። የመጡበትን መብት እንደ ችሮታ ያዩታል። ይሄ ያናድደኛል።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚፈልግ እወቁ። ወረዳው ስንት ወጣት እንዳስገባ ሪፖርት ማድረግ ይፈልጋል። ኮሌጁ ማሽን ስለሚያጥረው የእኛን ወርክሾፕ ይፈልጋል። እኛ ባለ ድርጅቶች የሰው ጉልበት እንፈልጋለን፤ አበሉን ሌላ አካል ሲከፍልማ በደንብ ነው የምንፈልገው። ስብሰባ ላይ «ባለድርሻ አካላት» ተብለን የምንቀመጠው እኛ ነን፤ ሠልጣኝ ሲጠራ አላየሁም። እናንተ ከሌላችሁ ግን የአንዳችንም ጉዳይ አይሞላም። ስለዚህ ስትጠይቁ አትፈሩ።

የልምምድ ውል በጽሑፍ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህንን ያዛል፤ የሥልጠናው ዓይነትና ጊዜ፣ ክፍያውና የሥራው ሁኔታ መጻፍ አለባቸው። በኮሌጅ በኩል ከመጣችሁ ኮሌጁና ድርጅቱ የተፈራረሙትን ስምምነት ኮፒ ጠይቁ።

ከዚያ የሥልጠና ዕቅዱን። ዋናው ነገር እሱ ነው። ዕቅድ ከሌለ ቱቦላሬ ስትሸከሙና ወለል ስትጠርጉ ወራቱ ያልቃሉ። መጥረግም ሥራ ነው፣ ሁላችንም እንጠርጋለን፤ ግን ሲ.ኦ.ሲ. (የሙያ ብቃት ምዘና) ስትቀመጡ መዛኙ የሚያየው ብየዳችሁን ነው። «ይህ ሳምንት መቁረጥ ነው ወይስ ብየዳ? ግራይንደር መቼ እይዛለሁ?» በሉ። የዕለቱን ሥራ ሎግ ቡክ ላይ ጻፉና እዚያው አስፈርሙ። ሁሉንም ሳምንት መጨረሻ ላይ በአንድ ቀን የሚፈርምላችሁ ኃላፊ ሥራችሁን አላየም ማለት ነው። የብየዳ ማስክና ጓንት ካልተሰጣችሁ ኤሌክትሮድ አትያዙ። ዓይን አይተካም።

ችግር ከገጠማችሁ መጀመሪያ ለድርጅቱ ኃላፊ፣ ካልሆነ ለኮሌጁ አስተባባሪ ወይም ለወረዳው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ብቻችሁን አትሂዱ። አቤቱታውን በደብዳቤ ጻፉና አብራችሁ የተመደባችሁ ሁሉ ፈርሙበት። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ማኅተም ያረፈበትን አንዱን ይዛችሁ ውጡ። በቃል የተነገረ አቤቱታ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ማኅተም ያለው ግን መልስ ይፈልጋል።

ሥልጠናው ሲያልቅ የምስክር ወረቀት ሳትይዙ ከግቢ አትውጡ። አዋጁ አሠሪው እንዲሰጥ ያስገድደዋል። «ልምምድ አድርጓል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ መልሱት። የሠለጠናችሁበት ሙያና ከመቼ እስከ መቼ እንደሠለጠናችሁ በግልጽ ይጻፍ፤ የቀጣዩ አሠሪ የመጀመሪያ ጥያቄ እሱ ነው።