ኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት) ሲዘገይ፦ የቤት ውስጥ የስልክ ሽቦውን ፈትሹ

ምልክቱ፦ ቤቴ ያለው የ4 ሜጋ ቢት መስመር ከ1 ሜጋ አያልፍም፤ ስልክ ሲጠራ ደግሞ የሞደሙ ዲኤስኤል መብራት ብልጭ ድርግም ብሎ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ሞደም፣ ስፕሊተር (ስልኩንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ዕቃ) እና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት) መቀየር ምንም አልፈየደም። በኬብል የተገናኘ ላፕቶፕም እኩል ከዘገየ ዋይፋዩን መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ፍንጩ የተገኘው ከሞደሙ ገጽ ነው። 192.168.1.1 ገብታችሁ ኤስኤንአር ማርጂኑን (ሲግናሉ ከረብሻው በላይ ያለው ትርፍ፤ ከፍ ሲል ይሻላል) እና የሲአርሲ ስህተቱን (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ ቆጠራ) ተመልከቱ። የእኔ ማርጂን 5 ዲሲቤል ነበር፤ ስህተቱም ያለማቋረጥ ይጨምራል። ወደ ክፍሎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ ነቅዬ ሞደሙን መስመሩ ቤት የሚገባበት ሳጥን ላይ በአጭር ኬብል ሳገናኘው ማርጂኑ 13 ደረሰ፤ ፍጥነቱም ተስተካከለ። ስለዚህ የውጭው መስመር ጤነኛ ነው።

ጥፋቱ ሳሎን ድረስ የተዘረጋው አሮጌ ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። ጫፉ ክፍት ስለሆነ ሲግናሉ እዚያ ደርሶ እየተመለሰ ዋናውን ያበላሻል። ድምፅን ግን አይነካም፤ ስልኩ ጥርት ብሎ እየሠራ ኢንተርኔቱ የሚሞተው ለዚህ ነው። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለው መጋጠሚያም ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። የመኝታ ቤቱ ስልክ ደግሞ ከስፕሊተሩ በፊት ተቀጥሏል፤ ሲጠራ የሚያቋርጠው እሱ ነው።

መፍትሔው፦ አሮጌውን ሽቦ ከሳጥኑ ቁረጡት። ስፕሊተሩን እዚያው መግቢያው ላይ ግጠሙና የስልኮቹን ሽቦ በሙሉ ከስፕሊተሩ የስልክ ቀዳዳ ላይ አገናኙ። ከስፕሊተሩ የሞደም ቀዳዳ እስከ ሞደሙ ድረስ መሃሉ ላይ መጋጠሚያ የሌለው ካት 5ኢ (የኔትወርክ) ኬብል ዘርጉ። የተጠማዘዙትን ሰማያዊና ነጭ ሰማያዊ ገመዶች ብቻ ተጠቀሙ፤ ከተለያየ ጥንድ አንዳንድ ገመድ ከወሰዳችሁ ጥምዝምዙ ጥቅም የለውም። መስመሩ ሲጠራ እስከ 90 ቮልት ስለሚደርስ ባዶ ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ከመግቢያው ንቀሉት።