ውል የሌለው ሠራተኛ የሚይዘው ደብተር

አሥራ አንድ ዓመት በየሰው ቤት ልብስ ሳጥብና ቤት ሳጸዳ ኖሬያለሁ። በቀን ሒሳብ፣ ያለ ውል። አንዷ አሠሪዬ የዘጠኝ ቀን ሒሳቤን «አምስት ቀን ነው የመጣሽው» ብላ ስትክደኝ የምመልሰው አጣሁ። በቃል ያለ ይረሳል ያሉት ለእኔ ነው። ደብተር የጀመርኩት በማግስቱ ነው፤ አሁን አዲስ ለሚገቡት ሁሉ ሌላ ነገር ከመምከሬ በፊት እሱን አሳያቸዋለሁ።

ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ትበቃለች። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር፦ ቀኑ፣ የማን ሥራ፣ የገባሁበትና የወጣሁበት ሰዓት፣ የተስማማነው፣ የተቀበልኩት፣ የቀረኝ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ያወጣሁት ነው፤ መጓጓዣ፣ ጓንት፣ የስልክ ካርድ። እኔ ይሄን መጻፍ ስጀምር ሩቅ ያለው «ጥሩ ከፋይ» ቤት ከሁሉም ያነሰ እንደሚተርፈኝ ገባኝ። ማታ ማታ ጻፉ። ቅዳሜ አጠቃልላለሁ ያለ ሰው ማክሰኞን አያስታውሳትም። ሥራ ያልተገኘበትንም ቀን «የለም» ብላችሁ መዝግቡ፤ ኋላ ይፈለጋል። መጻፍ የማትችል ጓደኛዬ ለየቤቱ ምልክት ሰጥታ በጭረት ትይዛለች፤ ስሕተት የሚገኘው እኔ ደብተር ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ደብተሩ የእናንተ ቃል ብቻ ነው፤ አሠሪው ያየው ነገርም ያስፈልጋል። እኔ በሳምንቱ መጨረሻ አጭር መልእክት እልካለሁ፦ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሠርቻለሁ። የሁለት ቀን ክፍያ ይቀረኛል። አመሰግናለሁ።» «እሺ» የሚል መልስ ከመጣ አታጥፉት። ክስ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ወራት አባክኛለሁ፤ እስካሁን የተቆጣኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሊከፍለኝ ያላሰበ ነበር።

ይህ ማስረጃ ክብደት አለው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ያወጣው ቁጥር 198 ምክረ ሐሳብ የሥራ ግንኙነት መኖሩ የሚለየው በዋናነት በተሠራው ሥራና በክፍያው ነው ይላል፤ ለስምምነቱ የተሰጠው ስም አይወስነውም። ለቤት ሠራተኞች ደግሞ የ2011ዱ ቁጥር 189 ስምምነት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ክፍያ፣ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ያስቀምጣል። የሚያስገድደው ያጸደቁትን አገሮች ስለሆነ የእናንተ አገር አጽድቆ እንደሆነ ጠይቁ።

ወረቀት ምን እንደሚሠራ ያየሁት ከሕንድ ታሪክ ነው። በ1971 አህመዳባድ ውስጥ ጨርቅ በጭንቅላታቸው የሚሸከሙ ሴቶች ክፍያቸው እንደሚጭበረበር ኤላ ባት የተባለች የሠራተኛ ማኅበር ጠበቃ ጋዜጣ ላይ ጻፈች። ነጋዴዎቹም በጋዜጣ «በአግባቡ እንከፍላለን» ብለው መለሱ። ባት የምትሠራበት ማኅበር ያንኑ የነጋዴዎቹን ቃል በካርድ አትሞ ለሴቶቹ አደላቸውና መደራደሪያ ሆነላቸው። በዓመቱ ሴዋ የተባለው የሴቶች ማኅበር ተመሠረተ።

ሦስት ወር ሲሞላ ደምሩ። የእኔ ጥሩው ወር 22 የሥራ ቀን፣ መጥፎው 9 ነበር። እኔ ግን ቤት የተከራየሁት 22ቱን አስቤ ነው! ቋሚ ወጪያችሁን በዝቅተኛው ወር ልክ አድርጉ፤ የተረፈው ወደ መጠባበቂያ ይግባ። የስድስት ወር ወጪ አስቀምጡ የሚለው ምክር ደመወዝተኛን ያሰበ ነው፤ እናንተ መጀመሪያ ሥራ የሌለባትን አንዲት ሳምንት ሸፍኑ።

ብቻውን መጠባበቂያ የሚይዝ ሰው ብዙ አላየሁም፤ እኔም ሦስቴ በልቼዋለሁ። እቁብ ጥሩ ነው፣ ችግር ግን ዕጣ እስኪወጣ አይጠብቅም። ለእኛ የሚሻለው አባላት በየሳምንቱ እያዋጡ ከዚያው እየተበደሩ በዓመቱ መጨረሻ የሚከፋፈሉበት ቡድን ነው፤ በዚህ መልክ ኬር የተባለው የርዳታ ድርጅት በ1991 ኒጀር ውስጥ ከጀመረው ወዲህ በብዙ አገር ተዛምቷል። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ሦስቱም በተለያየ ሰው እጅ ነው። የምታውቁትንና በሥራው የምታምኑትን ሰው ብቻ አስገቡ፤ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም።

ሥራ ስትፈልጉ ከመቀጠራችሁ በፊት ገንዘብ የሚጠይቅ አገናኝ አትመኑ። ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ካለ ደግሞ «ባለፈው ዙር የሠለጠኑት የት ገቡ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልመለሰ ጊዜያችሁን አትስጡት።

መታወቂያችሁ ጊዜው ያላለፈበት፣ የስልክ መስመራችሁም በራሳችሁ ስም ይሁን። ቶጎ በ2020 ኖቪሲ የተባለውን ድጋፍ ስትጀምር ሰዎች የተመዘገቡት በመራጭነት መታወቂያ ቁጥራቸው በስልክ ነው፣ ገንዘቡም የተላከው በስልክ ነው። እኔ መስመሬ ለዓመታት በወንድሜ ስም ነበር፤ ያዛወርኩት አምና ነው፣ ከሁለት ሰዓት በላይም አልፈጀብኝም።